ሐኪሙ «ቫይረስ ነው» ካለ በኋላ አንቲባዮቲክ ለምን ታዘዘ?

እናት_ነኝ (አዲስ አበባ)

ሰላም ለሁላችሁ። ልጄ ዓመት ሊሞላው ምንም አልቀረውም። መጀመሪያ ንፍጥና ሳል ብቻ ነበር። ጤና ጣቢያ ስወስደው «ጉንፋን ነው፣ ቫይረስ ነው፣ መድኃኒት አያስፈልገውም፤ ጡት አጥቢው፣ ፈሳሽ ስጪው» ተባልኩ። እውነትም ትኩሳቱ ወረደለት፤ መጫወትም ጀመረ።

ከዚያ ትኩሳቱ ድንገት ተመልሶ መጣ። ሌሊት ሳቅፈው ሆዱ ቶሎ ቶሎ ከፍ ዝቅ ይላል። በተነፈሰ ቁጥር የአፍንጫው ቀዳዳ ይከፈታል። ጡት ይይዝና አንዴ ሁለቴ ስቦ ይተወዋል፤ ትንፋሽ ያጥረዋል። ስንመለስ ሌላ ባለሙያ ልብሱን ገልጣ ትንፋሹን ቆጠረች። «የሳንባ ምች ነው» ብላ አሞክሳሲሊን ሰጠችን። አሁን ደህና ነው፣ ተመስገን።

ባለቤቴ «መጀመሪያውኑ መድኃኒቱን ቢሰጡት እዚህ አይደርስም ነበር» ይላል። እህቴ ደግሞ «ቫይረስ ከሆነ አንቲባዮቲክ ምን ይሠራለታል?» ትላለች። ማን ነው ልክ? ቫይረስ ወደ ባክቴሪያ ይቀየራል እንዴ?

አባ_መንታ (ሐዋሳ)

እንኳን ተሻለው። ከአሁን በኋላ መድኃኒቱ ከቤት አይጥፋ። እኛ ጋ አሞክሳሲሊን ሽሮፕ ሁሌም አለ። ልጆቹ ሳል ሲጀምራቸው ወዲያው እንሰጣለን። ከአንዱ ልጅ የተረፈውም ለሌላው ይሆናል።

ፋርማሲስቷ (አዳማ)

አባ መንታ፣ እንደ እህት ልለምንህ፤ ይኼን ነገር ተው። ዱቄቱ በውኃ ከተበጠበጠ በኋላ ሽሮፑ የሚቆየው ቢበዛ ሁለት ሳምንት ነው፤ አንዳንዱ ከሳምንት አያልፍም። የተረፈው ጠርሙስ ውስጥ ያለው መድኃኒት ኃይሉ የቀነሰ ነው። መጠኑ ደግሞ የሚወሰነው በልጁ ኪሎ ነው። ትንሽ ትንሽ እየቀመሰ የሚያድግ ልጅ አፍንጫው ውስጥ መድኃኒቱን የለመደ ባክቴሪያ ይቀርበታል። እውነተኛው የሳንባ ምች ሲመጣ ያው መድኃኒት አልሠራ ይላል።

በየቀኑ ባንኮኒዬ ፊት ይኼንን ጥያቄ እሰማለሁ። ያለ ማዘዣ የሚሸጡም አሉ፤ ያሳዝነኛል።

የልጆች_ሐኪም (ጎንደር)

እህቴ፣ ልጅሽ ስለተሻለው ደስ ብሎኛል። ቫይረስ ወደ ባክቴሪያ አይቀየርም። ሁለቱ ፍጹም የተለያዩ ናቸው። ግን አንዱ ለሌላው መንገድ ይጠርግለታል። በእንቅርት ላይ ጆሮ ደግፍ የሚባለው እንዲህ ያለው ነው። ከነገርሽን ተነስቼ ስገምት፣ ሁለቱም ባለሙያዎች ልክ ነበሩ። ያዩት አንድ ልጅ ነው፤ ያዩበት ጊዜ ግን የተለያየ ነው።

ብዙ ወላጅ የማያውቀው አንድ ነገር አለ። ለሳንባ ምች ዋናው ተጠያቂ ባክቴሪያ ኒሞኮከስ ይባላል። ይኼ ባክቴሪያ በበሽታው ቀን ድንገት ከውጭ የሚመጣ አይደለም። በአፍሪካ አብዛኞቹ ሕፃናት ገና በጥቂት ወራቸው ከአፍንጫቸው ጀርባ ይዘውት ይኖራሉ። ሂሞፊለስ ኢንፍሉዌንዛና ሞራክሴላ የሚባሉት ባክቴሪያዎችም ጎረቤቶቹ ናቸው። ልጁ ግን ይስቃል፣ ይጠባል፣ ያድጋል። ባክቴሪያው እዚያው እስካለ ድረስ ጉዳት የለውም። ጉዱ የሚፈላው ወደ ሳንባ፣ ወደ ጆሮ ወይም ወደ ደም ሲገባ ነው።

እንዲገባ የሚያደርገው ማን ነው? አብዛኛውን ጊዜ ቫይረስ ነው። የመተንፈሻ ቧንቧችን ውስጡ በጥቃቅን ፀጉሮች የተሸፈነ ነው። እነሱ ሌት ተቀን አክታውን ወደ ላይ ይገፋሉ። ኢንፍሉዌንዛና አር ኤስ ቪ የሚባለው ቫይረስ እነዚህን ፀጉሮች የያዙትን ሴሎች ይጎዳሉ። አክታው ይጠራቀማል። ከላይ የነበረው ባክቴሪያም ቁልቁል ይወርዳል።

ኢንፍሉዌንዛ ከዚህም አልፎ ይሄዳል። ላዩ ላይ ኒውራሚኒዴዝ የሚባል ኢንዛይም አለው። ኢንዛይሙ የሴሎቻችንን ገጽ የሸፈነውን ሳያሊክ አሲድ የተባለ ስኳር ይቆርጣል። ኒሞኮከስ ያንን ስኳር ተመግቦ ይባዛል። ስኳሩ የተነሳበት ቦታም ለባክቴሪያው መጣበቂያ ይሆናል። አር ኤስ ቪ ደግሞ በአንዱ ፕሮቲኑ ራሱ ኒሞኮከስ ላይ ይለጠፋል። ባክቴሪያው በዚህ ሳቢያ ይበልጥ ኃይለኛ እንደሚሆን በላቦራቶሪ ታይቷል። ሰውነታችን ቫይረሱን ለመዋጋት የሚያመነጨው ኢንተርፌሮንም የራሱ መዘዝ አለው። ባክቴሪያን የሚውጡትን የሳንባ ሴሎች ለጊዜው ያዳክማቸዋል። ለዚህ ነው ልጁ ለባክቴሪያ በጣም የሚጋለጠው ጉንፋኑ «ለቀቀው» በሚባልበት ሰሞን የሚሆነው። ትኩሳቱ ወርዶ ተመልሶ መምጣቱን በደንብ አስተውለሻል። ሁልጊዜ ጠይቀን የምንሰማው ምልክት እሱ ነው።

እናት_ነኝ

ዶክተር፣ እግዜር ይስጥልኝ። ይኼን ያህል ያስረዳኝ ሰው አልነበረም። ግን የባለቤቴ ጥያቄ አሁንም አለ። ባክቴሪያው አፍንጫው ውስጥ እንዳለ ከታወቀ፣ ጉንፋን ሲይዘው ቀድሞ መግደል አይሻልም?

አባ_መንታ

የኔም ጥያቄ ይኼው ነው። ካለ ለምን ይጠበቃል?

የልጆች_ሐኪም

ተገቢ ጥያቄ ነው። ጉንፋን የያዘውን ልጅ ሁሉ አንቲባዮቲክ ብንሰጠው የሳንባ ምቹ እንደሚቀር የሚያሳይ በቂ ማስረጃ የለም። ትንንሽ ልጆች በዓመት ውስጥ ደጋግመው ጉንፋን ይይዛቸዋል። አብዛኛው በራሱ ይድናል። ሁሉንም ብናክም ልጁ ተቅማጥና ሽፍታ ያተርፋል።

ሌላው ነገር፣ አፍንጫ ውስጥ የሚኖሩት ሁሉ ጠላት አይደሉም። ኮሪኔባክቴሪየምና ዶሎሲግራኑለም የሚባሉ አሉ። አፍንጫቸው ውስጥ እነዚህ የበዙላቸው ሕፃናት በመተንፈሻ በሽታ የሚጠቁት ያነሰ ሆኖ ተገኝቷል። በኔዘርላንድስ የተጠኑ ሕፃናት ላይ ጡት የሚጠቡት እነዚህን በብዛት ይዘው ታይተዋል። አንቲባዮቲክ ደግሞ ቀድሞ የሚያሳጣን እነሱን ነው። ቦታው ሲለቀቅ የሚሰፍርበት ማን እንደሆነ መገመት አያቅትም።

ነገሩ በሌላው አቅጣጫም ይሠራል። ባክቴሪያው የቫይረሱን በሽታ ያከብደዋል። አር ኤስ ቪ ይዟቸው ከታዩ ሕፃናት መካከል አፍንጫቸው በኒሞኮከስና በሂሞፊለስ የተወረረው ይበልጥ የተቆጣ የሰውነት ምላሽ ነበራቸው። ኮፐንሃገን ውስጥ አስም ካለባቸው እናቶች የተወለዱ ሕፃናትን የተከታተሉ ሐኪሞችም አሉ። በአንድ ወራቸው ኒሞኮከስ፣ ሂሞፊለስ ወይም ሞራክሴላ የተገኘባቸው ልጆች በኋላ ለሲርሲርታና ለአስም የበለጠ ተጋልጠዋል። ይኼ እ.ኤ.አ. በ2007 ነው የታተመው።

ቤር_ሼቫ_ነርስ (እስራኤል)

ሰላም ወገኖቼ። ክሩን ሳነብ ዝም ማለት አልቻልኩም፤ እኛ ጋ የታየው ነገር ይኼንኑ ያረጋግጣል።

በ2020 ኮሮና ሲመጣ ሁሉም ቤቱ ተዘጋ። መዋዕለ ሕፃናት ተዘጉ። በዚያ ወቅት በደቡብ እስራኤል የኒሞኮከስ በሽታ በትንንሽ ልጆች ላይ በጣም ቀነሰ። ብዙ ሰው «ልጆቹ ስላልተገናኙ ባክቴሪያው አልተላለፈም» ብሎ ነበር። በእኛው ከተማ በቤን ጉሪዮን ዩኒቨርሲቲ ያሉት ፕሮፌሰር ሮን ዳጋንና ባልደረቦቻቸው ግን የልጆቹን አፍንጫ መመርመራቸውን አላቋረጡም። ያገኙት ነገር አስደናቂ ነው። ባክቴሪያው እንደ ድሮው እዚያው ነበር! የጠፉት ኢንፍሉዌንዛ፣ አር ኤስ ቪና ሜታኒሞ የሚባለው ቫይረስ ናቸው። ቫይረሶቹ ሲጠፉ ባክቴሪያው አፍንጫ ውስጥ ቁጭ ብሎ ቀረ። በ2021 ቫይረሶቹ ሲመለሱ በሽታውም ተከትሎ ተመለሰ።

እዚህ ቲፓት ሐላቭ (የእናቶችና ሕፃናት ክሊኒክ) ክትባት ለማስከተብ የሚመጡ የእኛ እናቶች «ልጄ ያልያዘውን ባክቴሪያ ለምን እከትባለሁ?» ሲሉኝ ይኼን እነግራቸዋለሁ። አሁኑኑ ይዞት ሊሆን ይችላል።

የልጆች_ሐኪም

እህት ነርስ፣ ይኼን ስላነሳሽ አመሰግናለሁ። እኔን ደግሞ በጣም ያሳመነኝ የደቡብ አፍሪካው ነው።

ሶዌቶ ውስጥ ወደ 40,000 የሚጠጉ ሕፃናት በተሳተፉበት ጥናት ገሚሱ የኒሞኮከስ ክትባት ተሰጣቸው፤ ገሚሱ አልተሰጣቸውም። ክትባቱ 9 ዓይነት የኒሞኮከስ ዝርያዎችን የሚከላከል ነበር። ሻቢር ማዲ እና ኪት ክሉግማን የተባሉ ተመራማሪዎች ከዚያ አንድ ያልተለመደ ጥያቄ ጠየቁ። ሆስፒታል ከተኙት ልጆች መካከል ቫይረስ የተገኘባቸውን ለይተው ቆጠሩ። ክትባቱ ቫይረስን አይነካም። እንደ ድሮው አስተሳሰብ ከሆነ በቫይረስ የታመሙት ቁጥር በሁለቱም ወገን እኩል መሆን ነበረበት። አልሆነም። ሙሉ ክትባት በወሰዱት ልጆች ላይ ቫይረስ የተገኘበት የሳንባ ምች በ31 በመቶ ቀንሶ ተገኘ። ውጤቱ የወጣው በ2004 እ.ኤ.አ. ነው።

ይኼ ቁጥር ምን ይነግረናል? «ቫይረስ ነው» ተብሎ ከተጻፈባቸው ከባድ ሕሙማን ብዙዎቹ ላይ ኒሞኮከስም እጁ ነበረበት ማለት ነው። ብዙ ጊዜ ከሳንባ ናሙና ስለማይወሰድ አናየውም እንጂ አለ። እናት ነኝ፣ የባለቤትሽ ቁጭት ይገባኛል። ልጁን ቀድሞ የሚጠብቀው ግን ክትባቱ ነው፤ ሽሮፑን እንዲህ ያለ ሥራ አንስጠው።

አዲስ_አባት

ታዲያ ራጅ ሲነሳ ቫይረስ ይሁን ባክቴሪያ አይታወቅም?

የልጆች_ሐኪም

በእርግጠኝነት አይለይም። ደምም ብዙ ጊዜ አይለየውም። ሰባት የአፍሪካና የእስያ አገሮች የተሳተፉበት ትልቅ ጥናት በ2019 እ.ኤ.አ. ወጥቶ ነበር። በከባድ የሳንባ ምች ሆስፒታል ገብተው ራጃቸው ላይ ምልክት ከታየባቸው ልጆች 61 በመቶ ያህሉን ያመጣው ቫይረስ፣ 27 በመቶ ያህሉን ባክቴሪያ ነው ተብሎ ተገምቷል። አር ኤስ ቪ ብቻውን 31 በመቶ ያህሉን ይዟል። አልጋው አጠገብ ስትቆም ግን የትኛው ልጅ ከየትኛው ወገን እንደሆነ አታውቅም። ስለዚህ ትንፋሹ የፈጠነውን ልጅ አሞክሳሲሊን እንሰጠዋለን። ባክቴሪያው ካለና ካልሰጠነው ልጁን ልናጣው እንችላለን። ለእህትሽም መልሱ ይኼ ነው፣ እናት ነኝ። መድኃኒቱ ቫይረሱን አይነካውም፤ የታዘዘው ለተከተለው ባክቴሪያ ነው።

የልጅ_ልጅ_አሳዳጊ

ልጆቼ፣ እኔ ሽማግሌ ነኝ፤ የልጅ ልጄ ናት የምታነብልኝና የምትጽፍልኝ። እኛ ልጅ ሲያስለው ነጭ ሽንኩርትና ማር እንሰጥ ነበር። ሳሉ አልለቅ ካለም እንጥሉ ወርዷል ብለን እናስቆርጥ ነበር። የኅዳር በሽታንም ከእናቴ ሰምቼዋለሁ። ጉንፋን ነበር ይሉናል። ጉንፋን ያን ሁሉ ሰው እንዴት ይጨርሳል?

የልጆች_ሐኪም

እማማ፣ ዕድሜ ይስጥዎ። እንጥል ማስቆረጡን ግን ለማንም እንዳይመክሩ እለምንዎታለሁ። ልጅ ይደማል፣ ይመረዛል። ሳሉ ከእንጥል ጋር አይገናኝም። ማር ዓመት ላለፈው ልጅ ሳሉን ያለዝብለታል። ዓመት ላልሞላው ግን ጭራሽ አይሰጥ፤ ከባድ መመረዝ ሊያመጣበት ይችላል።

የኅዳር በሽታ ያሉት ከዚህ ክር ጋር በቀጥታ ይገናኛል። በ1911 ዓ.ም. አገራችን የገባው ዓለምን ሁሉ ያዳረሰው ኢንፍሉዌንዛ ነው። ራስ ተፈሪም ታመው ተርፈዋል። በ2008 እ.ኤ.አ. የአሜሪካ ተመራማሪዎች በዚያ ዘመን ከሞቱ ሰዎች ተቀምጦ የነበረ የሳንባ ናሙና እንደገና መረመሩ። አብዛኞቹ የሞቱት ቫይረሱን ተከትሎ በገባው የባክቴሪያ የሳንባ ምች እንደሆነ አረጋገጡ። ያኔ አንቲባዮቲክ የሚባል ነገር አልነበረም። ያን ሁሉ ሰው የጨረሱት ሁለቱ ተጋግዘው ነው፣ እማማ።

የልጅ_ልጅ_አሳዳጊ

ተባረክ ልጄ። በየዓመቱ ኅዳር 12 ቆሻሻ እየሰበሰብን የምናጥነው ለዚያ ነው።

ኤክስቴንሽን_ሠራተኛ (ምሥራቅ ጎጃም)

እማማ፣ መልካም ልማድ ነው፤ ግቢ ይጸዳል። ጨቅላ ያለበት ቤት ግን ከጭሱ ይራቅ። ጭስ ዶክተሩ የነገሩንን የመተንፈሻ ፀጉሮች ይጎዳል። በተለይ የዕለት ተዕለቱ የምድጃ ጭስ ሕፃን በሳንባ ምች የመያዝ ዕድሉን ወደ እጥፍ ሊያስጠጋው ይችላል። እናት እንጀራ ስትጋግር ልጁ ጀርባዋ ላይ አይሁን፤ የሚይዝ ሰው ካለ ውጭ ይያዝላት።

ወላጆች ሁሉ ትንፋሽ መቁጠርን ብታውቁ እወዳለሁ። በጤና ኬላዬ የማደርገውን ልንገራችሁ። ልጁ ማልቀሱንና መጥባቱን እስኪጨርስ እጠብቃለሁ። እናቱ እቅፍ ውስጥ እንዳለ ልብሱን ከደረቱ እገልጣለሁ። ሆዱ ወይም ደረቱ አንዴ ከፍ ሲል አንድ ብዬ ሙሉ ደቂቃ እቆጥራለሁ። ግማሽ ደቂቃ ቆጥሮ በሁለት ማባዛት አያዋጣም፤ የሕፃን ትንፋሽ ወጣ ገባ ይላል። ሁለት ወር ያልሞላው 60 እና ከዚያ በላይ፣ ከ2 እስከ 11 ወር ያለው 50 እና ከዚያ በላይ፣ ከአንድ ዓመት እስከ አምስት ዓመት ያለው 40 እና ከዚያ በላይ ከተነፈሰ ፈጥኗል እንላለን። በስልካችሁ ሰዓት መያዝ ትችላላችሁ።

ሲተነፍስ ከጎድኑ በታች ያለው የደረቱ ክፍል ወደ ውስጥ ከገባ፣ መጥባት ካቃተው፣ የበላውን ሁሉ ካስመለሰው፣ ካንቀጠቀጠው ወይም አልነቃ ካለ ሰዓት አይጠበቅም። ወዲያው ሆስፒታል ይሂድ። ሁለት ወር ያልሞላው ሕፃን ትንፋሹ መፍጠኑ ብቻ ይበቃል።

አባ_መንታ

ይኼን ዛሬ ማታ በሁለቱም ላይ እሞክረዋለሁ። ፋርማሲስቷ፣ የቀረውን ጠርሙስ ደፍቼዋለሁ። ምክርሽን ተቀብያለሁ።

ፋርማሲስቷ

እግዜር ይባርክህ። በሌላ ጊዜ የተረፈህን ሽሮፕ ወደ ፋርማሲ ብትመልሰው ይሻላል።

ሲልቨር_ስፕሪንግ (አሜሪካ)

ለኛ ዲያስፖራዎች ልጨምር። እዚህ ከ2023 ጀምሮ ለአር ኤስ ቪ ሁለት መንገድ አለ። አንደኛው ነፍሰ ጡሯ ከ32 እስከ 36 ሳምንት ባለው ጊዜ የምትወስደው ክትባት ነው። ሁለተኛው ለሕፃኑ የሚሰጥ ኒርሴቪማብ የሚባል መርፌ ነው። እሱ የተዘጋጀ ፀረ እንግዳ አካል ነው፤ የአር ኤስ ቪ ወቅትን ያሻግራል። ልጄ ወስዳለች። ዶክተሬን «ለቫይረሱ ብቻ ነው አይደል?» ስላት፣ ቫይረሱ ካልገባ ተከትሎት የሚመጣውም ይቀንሳል አለችኝ። እዚህ የተባለውን ሳነብ ነው አሁን በደንብ የገባኝ።

የአገር ቤት እህቶቼ ይኼ መርፌ ሳይደርሳቸው መቆየቱ ያንገበግበኛል። አር ኤስ ቪ በጣም የሚገድለው ድሃ አገር ውስጥ ነው።

ቤር_ሼቫ_ነርስ

እኔም እንዳንቺው ነው የሚሰማኝ። የዓለም ጤና ድርጅት የእናቶቹን ክትባት በ2025 በተባበሩት መንግሥታት በኩል ሊገዛ እንደሚችል አጽድቆታል። መንገዱ ተከፍቷል፤ የጤና ፖሊሲ የሚያወጡ ሰዎች ይኼን ክር ቢያነቡት ደስ ይለኛል።

እናት_ነኝ

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። ባለቤቴ ቁጭ ብሎ ሁሉንም አንብቦታል፤ ከእህቴም ጋር ታርቀዋል። አሁን የክትባት ካርዱን አውጥተን ስናይ ፒሲቪ (የኒሞኮከሱ ክትባት) የሚለው ላይ ሁለት ጊዜ ብቻ ነው የተፈረመው። በ14 ሳምንቱ ጊዜ ክፍለ ሀገር ዘመድ ጋ ነበርን። አልፎበታል ማለት ነው? እንደገና ከአንድ ይጀመራል?

ኤክስቴንሽን_ሠራተኛ

አይጀመርም እህቴ። የወሰዳቸው ሁለቱ አይሰረዙም፤ ከቆመበት ይቀጥላል። ፒሲቪ አገራችን የገባው በ2011 እ.ኤ.አ. ነው፤ በ6፣ በ10 እና በ14 ሳምንት ይሰጣል። በዚያው ቀን የሚሰጠውን፣ አምስት በሽታ የሚከላከለውን ፔንታንም እዪው። ያኛውም ከሂሞፊለስ ዓይነቶች አንዱን የሚከላከል ክፍል አለው። 14ኛው ሳምንት ካለፈው ሁለቱም ቀርተውበት ይሆናል።

የ9 ወሩን የኩፍኝ ክትባትስ ወስዷል? ኩፍኝ ራሱ ቫይረስ ነው። ሰውነት ስለሌሎች በሽታዎች የያዘውን ትውስታ በከፊል ያጠፋዋል፤ ባክቴሪያም ያን ጊዜ ይገባል። በኩፍኝ የሚሞቱ ልጆች አብዛኞቹ የሚሞቱት በሳንባ ምች ነው። ሁለተኛው ዙር በ15 ወሩ ነው፤ እንዳያመልጠው።

እናት_ነኝ

ኩፍኙን ወስዷል። ፔንታው ግን እንዳልሽው ሦስተኛው ጎድሎበታል። አሁንም ትንሽ ንፍጥ አለበት፤ እስኪደርቅለት ልጠብቅ?

ኤክስቴንሽን_ሠራተኛ

አትጠብቂ። ቀላል ንፍጥና ሳል ክትባት አይከለክልም። በዚህ ሰበብ ቀጠሮ እየተገፋ ስንት ልጅ ሳይከተብ ይቀራል! አሁን በጣም ካተኮሰው ወይም ትንፋሹ ከፈጠነ ግን መጀመሪያ ይታከም። የአሞክሳሲሊኑን ቀናት ጨርሱ፤ ካርዱን ይዘሽ በክትባቱ ቀን ሂጂ። «ሦስተኛው ፒሲቪና ፔንታ ቀርቶበታል» በያቸው።